የሚጢ የጠረጴዛ ልብስ

ፋብሪካው ውስጥ እውነተኛ ስሟን የሚያውቅ ሰው ያለ አይመስልም። መቀስ ነው የሚሏት። ስሙን ማን እንዳወጣላት አይታወቅም፤ ያወጣው ሰው ግን አፉ ይባረክ፣ ልክክ ብሎባታል። ሸሚዞቹ ተሰፍተውና ተተኩሰው ሊታጠፉ ሲሉ የመጨረሻው ጠረጴዛ ላይ እሷ አለች። ከነጩ አምፖል ሥር ቆማ አንገትጌውን በአውራ ጣቷ ትደባብሳለች፣ እጅጌውን ትገለብጣለች፣ ብብቱ ጋ ያለውን ስፌት ሳብ ሳብ ታደርጋለች። አንድ የዘለለ ስፌት ካገኘች ክሩን በመቀሷ ቁርጥ ታደርግና "ተመላሽ!" ብላ ወደ ጎን ትወረውረዋለች። ማን ሰፋው፣ ሲሰፋው ምን ሆኖ ነበር፣ ቤቱ ሰው ታሞበት ይሆን ወይ፣ አይመለከታትም። "ከመቀስ እጅ ያመለጠ ሸሚዝ በቀጥታ ገነት ይገባል" እያሉ ሰፊዎቹ ይቀልዱባታል። በፊቷ ግን ማንም ደፍሮ አይቀልድም።

ቤቷም ስትገባ ያው ናት። ባሏ በያጅ ነው። በርና መስኮት ሲበይድ የኖረ፣ ዓይኑን የብየዳ እሳት የበላው፣ ቃል የሚቆጥብ ሰው። ጫማውን ያወለቀበትን ቦታ ታስተካክላለች፣ ሸሚዙን የሰቀለበትን ታስተካክላለች፣ አፉን ከፍቶ ያወራ እንደሆነም ያወራውን ታስተካክላለች። እሱም ለምዶት "እሺ አለቃ" ይላታል። አንዲት ልጅ ነበረቻቸው፣ ሚጢ የሚሏት። አድጋ፣ ተምራ፣ እናቷን በቁመት በልጣም ሚጢ ነበረች። የሚጢን ፀጉር አሠራር፣ የሚጢን የእጅ ጽሑፍ፣ ሚጢ ሽንኩርት የምትከትፍበትን መንገድ፣ ሁሉንም መቀስ አርማዋለች። ክፉ ሆና አይደለም። ዓይኗ መጀመሪያ የሚያርፈው ጥፋት ላይ ነው፣ ሌላውን የሚያየው ዘግይቶ ነው። አንዳንድ ሰው እንዲህ ሆኖ ይፈጠራል፣ ምን ይደረግ።

ሚጢ የደም በሽታ ያዛትና ሆስፒታል ተኛች። አጠገቧ የተኛችው ሴት ጊዜዋን የምትገፋው በጥልፍ ነበርና ለሚጢም መርፌ፣ ክርና አንድ ነጭ የጠረጴዛ ልብስ ሰጠቻት። ጠርዙን ይዞ ዙሪያውን ሐረግ በእርሳስ ተስሎበታል፣ በሐረጉ መሀል መሀል ደግሞ ትንንሽ ወፎች። አረንጓዴ ክር ለቅጠሉ፣ ሰማያዊ ለወፎቹ። ሚጢ በዕድሜዋ መርፌ ይዛ አታውቅም። ክሩን ከልኩ በላይ አጥብቃ እየሳበች ጨርቁን ሸበሸበችው፤ ቅጠሎቹ አንዱ ወፍራም አንዱ ቀጭን፣ የወፎቹም ምንቃር አንዱ ወደ ላይ አንዱ ወደ ታች ሆነ። ደስታዋን ብታዩት ግን! ያን ሰሞን ሳቋ ሁሉ ተመልሶ ነበር። አንድ ቀን እናቷ ከሥራ በቀጥታ መጥታ አልጋው ጫፍ ላይ ስትቀመጥ ዘርግታ አሳየቻት።

"እንዴት ነው እማ?"

መቀስ ጨርቁን ተቀበለች፣ ገለበጠች፣ በአውራ ጣቷ ደባበሰች። "ይሄማ ተመላሽ ነው" አለች።

ሚጢ ሳቀች። መስኮቱ ጋ ቆሞ የነበረው አባቷ ግን አልሳቀም፣ ሚስቱን ትክ ብሎ አያት። ከዚያ በኋላ ሚጢ ጥልፉን የምታሳየው ለአባቷ ብቻ ሆነ፤ እናቷ ስትመጣ ትራሷ ሥር ትሸጉጠዋለች። አንዱን ጠርዝ ጨርሳ ሁለተኛውን ትንሽ እንዳስኬደች ሞተች። መርፌው አንዲት ወፍ ላይ እንደተሰካ ነበር። የወፏ አካል ተሞልቷል፣ ጅራቷ ግን ገና የእርሳስ መስመር ነበር።

ለቅሶው አለፈ፣ ሰውም ወደየቤቱ ሄደ። የሚጢ ልብስ ለሚለብሰው ተሰጠ። ጠረጴዛ ልብሱን ግን አባትየው ለማንም አልሰጠም። ከሥራ ሲመለስ እጁን በሳሙና ሙልጭ አድርጎ ይታጠብና ከመሳቢያው አውጥቶ ጭኑ ላይ ይዘረጋዋል። ዓይኑ ቀጭን ነገር አይለይለትም፤ በጣቱ ነው የሚያየው። አውራ ጣቱ የተሸበሸበውን ቅጠል አንድ በአንድ እየዳበሰ ሄዶ መጨረሻዋ ወፍ ላይ ይቆማል፣ ከዚያ አጥፎ ይመልሰዋል። መቀስ ይህን ሲያደርግ ባየች ቁጥር ወጥ ቤት ትገባለች። ያቺ "ተመላሽ" ያለቻት ቃል እዚያም ተከትላ ትገባባታለች።

አንድ ቀን ወጥ ቤት መግባቱን ተወችና አጠገቡ ተቀመጠች።

"ጥልፍ ልማር ነው" አለችው። "ቅዳሜ ቅዳሜ የሚያስተምሩ ሴትዮ አሉ።"

"ጥሩ ነዋ። ከቤት መውጣቱ ይሻልሻል።"

"ተምሬ ይሄን ልጨርሰው።"

አውራ ጣቱ ባለበት ቆመ። "ለምን ይጨረሳል? እንዲሁ ይቀመጥ።"

"ግማሽ ሆኖ ማየቱን አልቻልኩም። እሷ የጀመረችውን ልጨርስላት እንጂ ሌላ ምን ላደርግላት እችላለሁ? ንገረኛ!"

ጨርቁን አጥፎ ያዘው። "እሺ። የእሷን ግን አትንኪ" አለ በመጨረሻ። "ከእጇ የቀረን ይሄ ብቻ ነው። ልብሷን ሰው ለብሶታል፣ ፎቶዋም ቢሆን የፎቶ አንሺው ሥራ ነው። ይሄ ግን የእጇ ነው።"

"ልጄ እኮ ናት! የልጄን ሥራ ምን ቆርጦኝ እነካለሁ?"

"ማይልኝ።"

"ሚጢን! አልነካም።"

ከዚህ በላይ መሐላ አልነበራትም፤ ስትምል ከልቧ ነበር።

ትምህርቱ ከአንድ ልብስ ሰፊ ቤት በላይ ባለ ክፍል ውስጥ ነው። ረጅም ጠረጴዛ፣ በየሰዉ ፊት ጨርቅ የሚወጠርበት አንድ የእንጨት ቀለበት፣ መሀል ላይ የክር ቅርጫት። አስተማሪዋን ሁሉም እትዬ ይሏቸዋል፤ አጭር፣ ድምፃቸውን ከፍ የማያደርጉ፣ በዕድሜ የገፉ ሴት ናቸው። የሚመጡት ሴቶች ለእንጀራቸው ሳይሆን ለጊዜ ማሳለፊያ የሚጠልፉ ናቸውና ከመርፌው ምላሱ ይበልጣል። ከሁሉም የምታወራው ፋርማሲስቷ ናት። ክፍሉ አንድ ሕግ አለው፦ ጥፋት ይዞ ወደ ቤት የሚሄድ የለም። ማብቂያው ሲቃረብ እትዬ "በሉ ገልብጡ" ይላሉ። ሁሉም ጨርቁን በጀርባው ይገለብጥና የተበላሸውን እየፈለገ፣ እያወራና እየሳቀ ይተረትራል። ጥፋቱ መሀል ላይ ቢሆንም ከተበላሸበት ጀምሮ ነው የሚተረተረው፤ አንዱ የተጣመመ ሌላውን ይጎትታልና። መቀስ ይህን ሕግ ስትሰማ የገዛ ቤቷ የገባች መሰላት፤ ስሟን ሲጠይቋትም "መቀስ በሉኝ" አለች።

መጀመሪያ ቀን ግን ጉድ ፈላባት። የሰውን ስፌት ሲያባርር የኖረው እጅ መርፌ ሲይዝ እንደ በረዶ ደረቀ። መስመሯ እንደ ሰካራም ወዲያና ወዲህ ሄደ። እትዬ ገልብጠው አዩት፣ ቀና ብለው አዩአትና "ይተርተር" አሉ በለሆሳስ።

"አይዞሽ መቀስ" አለቻት ፋርማሲስቷ፣ "እኔ በመጀመሪያው ቀን የጠለፍኩት ጣቴን ነው።"

ወደ ቤቷ የተመለሰችው ባዶ ጨርቅ ይዛ ነው። ግን እልኸኛ ናት። ከሥራ መልስ አሮጌ አንሶላ እየቀደደች ተለማመደች። ቀስ በቀስ እጇ ተፍታታ። ሰንሰለት ጥልፍ ለግንዱ፣ ጥግግት ያለ መሙያ ለቅጠሉ፣ አንዱ ስፌት ከሌላው ሳይበልጥና ሳያንስ። መርፌው ሲገባና ሲወጣ የሆስፒታሉ ኮሪደር ከዓይኗ ይጠፋል፣ የሚጢ ከንፈር መድረቅ ይጠፋል። እውነቱን እንናገር ከተባለ ደስ ይላት ነበር። ልጇን ቀብራ ደስ ስላላትም ታፍር ነበር።

እጇ ሲጠና ባሏን ጠረጴዛ ልብሱን እንዲሰጣት ጠየቀችው። "እስክጨርስ አታየውም፣ ከእኔ ጋር ይቆይ" አለችው። "እሺ አለቃ" ብሎ ሰጣት። ከዚያ በኋላ ከሥራ ሲመለስ የሚዳብሰው ነገር ስላጣ እጁን ታጥቦ፣ ባዶ እጁን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ዝም ብሎ ይቀመጣል።

እትዬ ጨርቁን ተቀብለው ረጅም ጊዜ አዩት። "የማን እጅ ነው?"

"የልጄ።"

"አትመጣም እሷ?"

"የለችም እትዬ።"

እትዬ ጨርቁን በሁለት እጃቸው መለሱላት። "እንግዲህ ሁለት እጅ አንድ ጨርቅ ላይ መተያየቱ አይቀርም፣ ልጄ። እንዲገጥምልሽ ከፈለግሽ እንደ እሷ አጥብቀሽ መሳብ ነው።"

መቀስ ሞከረች። እጇ እምቢ አለ። ሸሚዝ ሲያጠራ ስንት ዘመን የኖረ እጅ አውቆ ማበላሸት ከየት ይምጣለት? የሷ ቅጠሎች እንደ ታተመ ነገር ተኝተው ወጡ፤ የሚጢ ደግሞ ከጎናቸው ተሸብሽበው፣ አንዱ ሌላውን እየገፋ። ስትተኛም ስትነሳም ዓይኗ የሚሄደው መጋጠሚያው ላይ ሆነ።

መጀመሪያ የተነካችው ቅጠል መጋጠሚያው ላይ ያለችው ናት። ሚጢ አጥብቃ ስለሳበቻት የመቀስን ሁለት ቅጠል ጎትታ አጣመመቻቸው። መቀስ አንድ ከሰዓት በኋላ ብቻዋን ቁጭ ብላ አየቻት፣ አየቻት። ይቺን ብቻ፣ አለች በልቧ፤ ይቺ እኮ የእኔንም እያበላሸች ነው። ተረተረቻትና እንደገና ጠለፈቻት። በሚያምር ሁኔታ ተኛች! ግን አሁን ከሷ ቀጥላ ያለችው መጎተት ጀመረች። እሷም ተነካች። በሌላ ቀን ደግሞ አንዱ ቅጠል ክሩ ላልቶ ነበርና "ሲታጠብ ይመዘዛል፣ ላድነው" አለች። ቀጥሎ የሐረጉ ግንድ፣ ቀጥሎ አንዲት ወፍ። ለእያንዳንዱ ምክንያት ነበራት፤ ምክንያት መች ይጠፋል? እንደዚያ ስታደርግ ልጇን የምትክድ አልመሰላትም። እንዲያውም የሚጢን ፀጉር እያበጠረች የተቀመጠች ያህል ይሰማት ነበር። የተተረተረውን አጫጭር ክር ከጠረጴዛው ጠርጋ ቆሻሻ ውስጥ ትጨምረዋለች።

ሐረጉ ዞሮ ገጠመ። ክፍሉ ሁሉ አደነቃት፣ ፋርማሲስቷም "ይቺ ሴትዮ ማሽን ውጣለች" አለች። የሚጢ ሆና የቀረችው ያቺ መርፌ የተሰካባት ወፍ ብቻ ነበረች። መቀስ ጅራቷን ሞላችላት፣ አካሏን ግን አልነካችም። እሷን አልነካም አለች፤ ሰማይ ቢደፋ አልነካም። ይቺ አንድ ወፍ ለአባቷ ትበቃዋለች፣ ሌላው ታጥቦ ለስልሶ ነው እለዋለሁ አለች። አስባ ጨርሳ ነበር፣ ልቧም ትንሽ አርፎ ነበር።

በዚያው ቅዳሜ እትዬ "በሉ ገልብጡ" አሉ። ሁሉም ገለበጠ። መቀስም ገለበጠች። ፋርማሲስቷ ከመቀመጫዋ ተነስታ ወሬዋን ጀመረች።

"ትናንት ሱቁ ጭር ሲልልኝ መደርደሪያው ኋላ ቁጭ ብዬ እጠልፋለሁ። አንድ ሰውዬ እያሳለ ገባ። ብድግ ስል ለካ ጨርቁን ከቀሚሴ ጋር ሰፍቼው ኖሯል! እዚህ ጋ፣ ጉልበቴ ላይ ተንጠልጥሏል። ሰውየው ቁልቁል አየኝና 'እህቴ፣ የጠረጴዛው ልብስ መጥቷል፣ ጠረጴዛው የታለ?' አይለኝም!"

ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። እትዬ እንኳ መነጽራቸውን አውልቀው ዓይናቸውን ጠረጉ። መቀስም ሳቀች፤ ሚጢ ከሞተች ወዲህ እንዲህ ስቃ አታውቅም፣ እንባዋ እስኪወርድ።

"ሳሉስ?" አለች አንዷ።

"የምን ሳል! በሳቅ ጠፋለት፣ መድኃኒቱንም ሳይገዛ ሄደ። አከሰረኝ!"

እንደገና ሳቁ። የመቀስ እጅ ግን ሥራውን አላቆመም ነበር። በዚያ ሰዓት ሁልጊዜ እንደሚያደርገው አውራ ጣቷ የጨርቁን ጀርባ እየዳበሰ ሄደ፣ ሻካራ ነገር ሲያገኝ ቆመ፣ የመርፌዋ ጫፍ ክሩን ብድግ አደረገ፣ መቀሷ ቆረጠ፣ ጣቶቿ መዘዙ። ሳቋ በርዶላት ቀና ልትል ስትል ጭኗ ላይ የተበተነውን ሰማያዊ ክር አየች።

ጨርቁን ገለበጠችው። ሐረጉ አለ። ቅጠሉ አለ። በወፏ ቦታ የደበዘዘ የእርሳስ መስመርና የመርፌ ቀዳዳዎች፣ ከኋላቸውም ራሷ መቀስ የሞላችው ጅራት ብቻ።

"መቀስ? ምን ነካሽ?" አለች ፋርማሲስቷ።

ብድግ ስትል ክሩ ከጭኗ ወለሉ ላይ ረገፈ፣ እሷም ተንበርክካ መልቀም ጀመረች። ወለሉ ላይ የሁሉም ቁርጥራጭ ክር ነበር፤ ሰማያዊውም ብዙ ነው። የፋርማሲስቷ ባሕር ሰማያዊ፣ የሌላዋ አበባ ሰማያዊ። እያነሳች መብራት ላይ ታየዋለች፣ ትጥለዋለች፣ መልሳ ታነሳዋለች። የቱ የሚጢ እንደሆነ አልለይ አላት። ያቺ የክር ጥራት ከሩቅ የምትለይ ሴት! ሴቶቹ ጨርቃቸውን አስቀመጡ። እትዬ ብቻ እየተንፏቀቁ መጥተው አጠገቧ ወለሉ ላይ ተቀመጡ።

"የልጅሽ ነበረች?"

ራሷን ነቀነቀች። "በእጄ፣ እትዬ። በዚህ በእጄ። እየሳቅኩ።"

እትዬ ጀርባዋን አሻሹላት። መቀስ እጃቸውን ያዘች። "ማበላሸት ያስተምሩኝ" አለቻቸው። "እንደ እሷ ማበላሸት። አባቷ ይጠብቃል።"

"እሱን አላውቅም፣ ልጄ" አሉ እትዬ።

በማግስቱ ባሏ የተበላሸ በር ሊያይ ለሥራ ሲወጣ መቀስ መስኮቱ ሥር ተቀመጠች። አዲስ ሰማያዊ ክር አስገባች። ወፏን አጥብቃ እየሳበች ልትሞላ ጀመረች፣ ግን ሦስት አራት ስፌት እንደሄደች እጇ ከድቷት ስፌቱ ልክ ይሆናል። ተረተረች። አሁንም ጀመረች፣ አሁንም አማረ። ዕድሜዋን ሙሉ ሰዎችን ስታስለቅስበት የኖረችው ንጹህ ሥራ ዛሬ እሷን አስለቀሳት። በመጨረሻ መርፌውን በግራ እጇ ያዘችው። ክሩ ተወጠረ፣ ተሳሳተ፣ ጨርቁ ተሸበሸበ፣ ጣቷ ተወግቶ ደማ። ምንቃሩ ላይ ስትደርስ ቆመች። ሚጢ ይሄን ምንቃር ወደ ላይ ነበር ያደረገችው ወይስ ወደ ታች? ከእናቷ ትደብቀው ስለነበር መቀስ በደንብ አይታው አታውቅም። በኋላም ይዛው በኖረችበት ጊዜ ያየችው ጥፋቱን እንጂ ወፏን አልነበረም። ወደ ላይ አደረገችው።

አጠበችው፣ ተኮሰችው፣ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋችው። ባሏ ሲገባ "አለቀ" አለችው።

እጁን ታጠበ። እስከ ክርኑ በሳሙና አሸ፣ አደረቀ፣ ወንበር ስቦ ተቀመጠ። አውራ ጣቱ ከማእዘኑ ተነሳ። "ቆንጆ ነው" አለ እየዳበሰ። "ውይ፣ እጅሽ ተክኗል።" ጣቱ ሄደ፣ አንዱን ጠርዝ ጨረሰ፣ ሁለተኛውን ጀመረ፣ ቆመ፣ ተመለሰ። "የሷ የቱ ጋ ነው? እዚህ መሸብሸብ ነበረበት።"

"ታጥቦ ተተኩሶ ለሰለሰ" አለች። ውሸቱ ከአፏ ያለምንም ችግር ሲወጣ ራሷም ገረማት።

"እንደዚያ ነው?" አለ፣ ግንባሩ ተቋጥሮ። ጣቱ እንደገና ሄደ፣ ቀስ እያለ፣ ቅጠል በቅጠል፣ በጨለማ ክፍል ውስጥ መብራት ማብሪያ እንደሚፈልግ ሰው። መቀስ ጣቱን በዓይኗ ተከተለች። ጣቱ ወፏ ላይ ደረሰና ቀጥ አለ።

"ይቺውና!" አለ። ፊቱ በራ። ፊቱ እንዲህ ሲበራ ካየች ስንት ዘመኗ። "አገኘኋት። ይቺውና ሚጢዬ። ምንቃሯን እኮ ፊት ለፊቴ ነው የሰፋችው። 'አባ፣ ወደ ላይ ሄደብኝ' አለችኝ። 'ተዪው፣ እየዘፈነች ነው' አልኳት። አልነገረችሽም?"

"አልነገረችኝም።"

"በጣም ሳቀች ያን ቀን።" ጎንበስ ብሎ ግንባሩን ወፏ ላይ አደረገ። ትከሻው ሲንቀጠቀጥ ታየዋለች። ቆይቶ ቀና አለና በዚያ እሳት በበላው ዓይኑ ፈልጎ አገኛት።

"አንድ ነገር ልንገርሽ፣ አትቀየሚኝ" አለ። "ፈርቼ ነበር። ስሰጥሽ ትነካዋለች ብዬ ነበር። ሥራ ቦታ ቁጭ ብዬ ሁሉ አሁን እየተረተረችው ይሆናል እያልኩ በልቤ ስረግምሽ ነው የከረምኩት። አንቺ በልጅሽ ምለሽልኝ፣ እኔ አላመንኩሽም። ይቅር በዪኝ።"

መቀስ አፏን ከፈተች። ቃሉ ምላሷ ላይ ነበር። አውራ ጣቱ ግን አሁንም ወፏን አልለቀቀም፣ ቀስ እያለ ይዳብሳታል።

"ምንም አይደል" አለችው።

አሁንም ከሥራ ሲመለስ ያንኑ ያደርጋል። እጁን ታጥቦ ወፏን ይዳብሳል፣ "እየዘፈነች ነው" ይላል። ከዳበሰ በኋላ አብራው እንድትዳብስ መቀስን ይጠራታል፣ እሷም ትመጣና ጣቷን ከጣቱ አጠገብ ታሳርፋለች።